ብቸኛ ጨዋታ ኮንሶል ያስገዛልን?

አንድ የቪዲዮ ጨዋታ በአንድ ኩባንያ ኮንሶል ላይ ብቻ እንዲገኝ ሲደረግ ብቸኛ ጨዋታ ይባላል። ጨዋታውን የፈለገ ሁሉ ማሽኑንም መግዛት ግድ ይሆንበታል። ከዚህ የተነሣ የሚካሄደው ክርክር ዘወትር የሚያተኩረው የየትኛው ኩባንያ ጨዋታ ይበልጣል በሚለው ላይ ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን የጥራት ንጽጽር ገዢውን ብዙም አይረዳውም። ብቸኛ ጨዋታ ለገዢው የሚሸጥለት ነገር ጊዜ ነው፤ ከሌሎች ቀድሞ የመጫወት ዕድል። ስለሆነም ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሊመረመር የሚገባው ብቸኝነቱ የሚቆይበት ዘመን ነው።

ለዚህ የኒንቴንዶ ዊ ዩ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ለገበያ የቀረበው ይህ ኮንሶል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ምርቱ በ2017 መጀመሪያ እስኪቋረጥ ድረስ የተሸጠው 13.5 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው። ጨዋታ ግን አልጎደለውም። በ2014 የወጣው ማሪዮ ካርት 8 ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል፤ ከማሽኑ ባለቤቶች ከግማሽ የሚበልጡት ገዝተውታል ማለት ነው። ባዮኔታ 2 የተባለው ጨዋታም በዚያው ዓመት በዚሁ ማሽን ላይ ብቻ ወጣ። ይሁን እንጂ ኒንቴንዶ በ2017 ስዊችን ሲያወጣ ማሪዮ ካርት 8 በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተከተለው፤ ባዮኔታ 2 በቀጣዩ ዓመት። ማሪዮ ካርት 8 በአዲሱ ማሽን ላይ ከ60 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ብቸኝነቱ የኩባንያው እንጂ የማሽኑ አልነበረም። ለዚህ ጨዋታ ሲል ዊ ዩን የገዛ ሰው ያተረፈው የሦስት ዓመት ቀዳሚነት ነው።

ሶኒና ማይክሮሶፍት ደግሞ ብቸኝነቱን ከኩባንያው ግቢም እያስወጡት ነው። በ2017 ለፕሌይስቴሽን 4 የወጣው ሆራይዘን ዜሮ ዶውን በ2020 ወደ ኮምፒውተር ተሻገረ፤ የ2018ቱ ጎድ ኦፍ ዋር በ2022 ተከተለው። ማይክሮሶፍት በ2024 መጀመሪያ አራት ጨዋታዎቹን ለተፎካካሪዎቹ ኮንሶሎች እንደሚያቀርብ አስታወቀ፤ በ2025 ጊርስ ኦፍ ዋር ሳይቀር በፕሌይስቴሽን 5 ላይ ታየ። ምክንያቱ ከወጪ ጋር የተያያዘ ይመስላል። በ2023 በአሜሪካ ፍርድ ቤት በቀረበ የሶኒ ሰነድ መሠረት ዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል 2ን ለመሥራት 220 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቷል። ይህን ያህል ገንዘብ የፈሰሰበትን ሥራ ከአንድ ማሽን ባለቤቶች ብቻ ማስመለስ ቀላል አይደለም፤ ይኸው ጨዋታም በ2025 ኮምፒውተር ላይ ወጣ።

ሮናልድ ኮዝ በ1972 እንዳስረዳው፣ ዘላቂ ዕቃ የሚሸጥ ሞኖፖሊ ነገ ዋጋ እንደሚቀንስ ገዢዎቹ ካወቁበት ዛሬ በውድ ሊሸጥላቸው አይችልም፤ ይጠብቁታልና። ወደ ሌላ ማሽን የተሻገረ እያንዳንዱ ጨዋታም ገዢውን ትዕግሥት ያስተምረዋል። እርግጥ ነው፣ እንደ 2015ቱ ብለድቦርን ከፕሌይስቴሽን ያልወጡ ጨዋታዎች አሉ፤ የሚጠብቀውን ሰው እንቅልፍ የሚነሱትም እነርሱ ናቸው።

በአንጻሩ ብቸኝነት ለገበያው ውድድር ሊጠቅም ይችላል። ሮቢን ሊ በ2013 በአሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው ባሳተመው ጥናት፣ ከ2000 እስከ 2005 በነበረው የአሜሪካ ገበያ ብቸኛ ጨዋታዎች ይበልጥ የጠቀሙት ከነባሩ ፕሌይስቴሽን 2 ይልቅ አዲስ ገቢዎቹን ኮንሶሎች እንደነበር አሳይቷል። ግኝቱ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ለገበያው መዋቅር የሚበጅ ነገር ሁሉ ለአንድ ገዢ ኪስ ይበጃል ማለት አይደለም። ለገዢው የሚበጀው የኮንሶሉን ዋጋ አሁን በእጅ ላሉትና በእርግጥ ለሚጫወታቸው ብቸኛ ጨዋታዎች ማካፈል ነው። በማስታወቂያ ብቻ የታየ አንድ ጨዋታ ኮንሶል አያስገዛም። በዚህ ስሌት ኒንቴንዶ ዛሬም የተሻለ ቦታ አለው፦ ታላላቅ ጨዋታዎቹን ለተፎካካሪ ኮንሶሎች አይሰጥም፤ በ2025 የወጣው ስዊች 2ም አብዛኞቹን የስዊች ጨዋታዎች ስለሚያጫውት የዊ ዩ ባለቤቶች ዕጣ አልተደገመም።

ይህ ሁሉ ግን ገዢውና ተጫዋቹ አንድ ሰው ናቸው ከሚል መነሻ የመጣ ነው። በከተሞቻችን ባሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ወጣቱ እየከፈለ የሚጫወተው በዋነኛነት እግር ኳስ ነው፤ የእግር ኳስ ጨዋታዎቹም በኤክስቦክስ ላይ አሉ። ስለዚህ ፕሌይስቴሽንን እዚህ ያነገሠው ብቸኛ ጨዋታ ነው ለማለት ያስቸግራል። ሁለተኛውን ጆይስቲክ የሚይዝ ተጋጣሚ መገኘቱና ማሽኑ ሲበላሽ የሚጠግን ባለሙያ መኖሩ የበለጠ ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። ማሽኑን የሚገዛው የቤቱ ባለቤት የሚያሰላው በቀን ስንት ግጥሚያ እንደሚያስተናግድ ነው፤ አንድ ሰው ለብቻው 30 ሰዓት የሚጫወተው ታሪክ፣ ምንም ያህል ድንቅ ቢሆን፣ ለእርሱ ወንበር ይዞ ተራ ጠባቂዎችን የሚመልስበት ዕቃ ነው።