መብራቱ ኮርኒስ ላይ፣ ሥራው ጠረጴዛ ላይ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ አምፖል ነው። "ዶክተሯ ኤሌክትሪሺያን ሆነች እንዴ?" እንደምትሉ አውቃለሁ፣ ግን ትንሽ ታገሱኝ።

በቅርቡ ተረኛ በነበርኩበት ሌሊት አንዲት የ68 ዓመት እናት የእጅ አንጓቸው ተሰብሮ መጡ። ከአልጋ ተነስተው ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ የልጅ ልጃቸው መጫወቻ መኪና አደናቅፏቸው ነው የወደቁት። "እማማ፣ መብራት አላበሩም ነበር?" አልኳቸው። "ልጄ፣ ያን ፓውዛ የሚያክል ነገር በሌሊት አብርቼ ሕፃናቱን ላስነሳ?" አሉኝ። ለነገሩ ማብሪያው በሩ ጋ ነው፣ አልጋቸው ደግሞ ከማዶ ግድግዳ ጋ። መብራት ለማብራት መጀመሪያ ጨለማውን ማቋረጥ አለባቸው ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ታካሚ ሲመጣ ስለ ማዞር እንጠይቃለን፣ ስለ ደም ግፊት መድኃኒት እንጠይቃለን፣ ስለ አጥንት መሳሳት እናስባለን። ትክክል ነው፣ መጠየቅ አለብን። አምፖሉ የት እንዳለ ግን እኔም እስከዚያ ሌሊት ድረስ ማንንም ጠይቄ አላውቅም።

የኔ ሐሳብ አጭር ነው። ብዙዎቻችን ቤት መብራት አልጠፋም፣ የተቀመጠው ለእንግዳ እንዲያምር እንጂ ለምንሠራው ሥራ አይደለም።

ቀጥተኛ ብርሃን የሚባለው ከአምፖሉ ወጥቶ የትም ሳይነጥር የምናየው ነገር ላይ የሚያርፈው ነው። ቀጥተኛ ያልሆነው ደግሞ ኮርኒስ ወይም ግድግዳ መትቶ ተበትኖ ይመጣል፤ ጂፕሰሙ ውስጥ ተደብቆ ዙሪያውን የሚያበራው እንደዚያ ነው። ለሳሎን ጨዋታ ደስ ይላል፣ ዓይንም አይወጋም። መርፌ ክር አግቡበት ብትባሉ ግን ትቸገራላችሁ።

"እኛ ቤትማ መሃል ኮርኒስ ላይ ባዶ አምፖል ነው ያለው፣ እሱ ቀጥተኛ አይደለም?" ካላችሁኝ፣ ነው። ችግሩ የሚያርፈው አናታችን ላይ መሆኑ ነው። የኮንዶሚኒየም ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት ስትከትፉ አስቡት። አምፖሉ ከጀርባችሁ ነው፣ ጥላችሁ ደግሞ ቢላዋው ላይ ነው። የልጃችሁ ጠረጴዛም ግድግዳ ተጠግቶ ከሆነ ያው ነው፣ ልጁ በራሱ ጥላ ውስጥ ነው የሚጽፈው። እኛስ ምን እናደርጋለን? አምፖሉን በባሰ ትልቅ እንቀይራለን። ያኔም ጥላው አይጠፋም፣ ቀና ያለ ሰው ዓይን ይወጋል፣ ቆጣሪውም ይሮጣል።

ፊዚክስ ላይ የተማርነው ነገር እዚህ ይጠቅማል። ከአንድ አምፖል ያለን ርቀት በግማሽ ሲቀንስ የሚደርሰን ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል። 2 ሜትር ላይ የነበረውን አምፖል 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ብታመጡት 16 እጥፍ ማለት ነው! ስለዚህ ደብተሩ አጠገብ ያለች ትንሽ የጠረጴዛ መብራት ኮርኒስ ላይ ካለው ትልቅ አምፖል ትበልጣለች። የምታምኑኝ ካልመሰላችሁ ስልካችሁ ላይ የብርሃን መለኪያ አፕ ጫኑና ደብተሩ ላይ አስቀምጡት። ቁጥሩ እንደ እውነተኛ መለኪያ ልክ ላይሆን ይችላል፣ ልዩነቱን ግን ያሳያችኋል። በአውሮፓ የሥራ ቦታ የመብራት ደረጃ ለሚነበብበትና ለሚጻፍበት ጠረጴዛ የሚጠየቀው 500 ሉክስ ነው። እኔ የተከራየሁት ቤት ጠረጴዛ 70 እንኳን አልሞላም፤ ሦስት ዓመት ያነበብኩበት ጠረጴዛ!

አንድ ነገር ላስተካክል። በደብዛዛ ብርሃን ማንበብ ዓይን ያጠፋል የሚባለው ልክ አይደለም። ዓይን ያደክማል፣ ራስ ምታት ያመጣል፣ ልጁን ከደብተሩ ያሸሸዋል፤ ግን አያሳውርም። ልጆች የሩቅ ማየት እንዳይቸግራቸው የሚረዳው በቀን ብርሃን ውጭ መጫወት ነው፣ ያንን ማንኛውም አምፖል አይተካውም።

ወደ እማማ ልመለስ። ዕድሜ ሲጨምር ብሌናችን ይጠብባል፣ የዓይናችን ሌንስም ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። የ60 ዓመት ሰው ሬቲና ላይ የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት የሚያገኘውን አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። እናንተ "ቤቱ ብሩህ ነው" ስትሉ እናታችሁ የመድኃኒቱን ጽሑፍ የማያነቡት ለዚህም ነው። መነጽር ብቻ አይደለም የሚያስፈልጋቸው። ጉዳዩን የሚያወሳስበው፣ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ያለበትን ሰው ኃይለኛ ባዶ አምፖል ይባስ ያሳውረዋል፣ ምክንያቱም ብርሃኑ ሌንሱ ውስጥ ይበተናል። የሚሻላቸው ቆብ ያለው መብራት ነው፣ ከጎን ሆኖ መድኃኒቱ ላይ ብቻ የሚያበራ።

ለመኝታ ቤት ደግሞ ካርቶኑን አንብቡ። 6500 ኬልቪን የሚለው ነጭ፣ ሰማያዊ የሚመስለው ነው። በማታ አንጎላችን የእንቅልፍ ሆርሞን የሆነውን ሜላቶኒን እንዲያዘገይ ያደርገዋል። 2700 ወይም 3000 የሚለውን ግዙ። ለሌሊት መንገድ ሶኬት ላይ የምትሰካ ደብዛዛ መብራት ወለሉን ካሳየች በቂ ናት።

(እግረ መንገዴን፦ አራስ ቤት ላላችሁ። ሕፃኑን ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በቢጫ አምፖል ብቻ እያያችሁ ከሆነ ቢጫ መሆኑን ላታውቁ ትችላላችሁ። በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ እዩት። በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ ከሆነ ነገ አትበሉ፣ ያኔውኑ ይዛችሁት ኑ።)

"ተከራይ ነኝ፣ ግድግዳ መቆፈር አልችልም" የምትሉኝ ትኖራላችሁ። መቆፈር አያስፈልግም። ጠረጴዛ ላይ የምትቆነጠጥ መብራት አለች፣ ቻርጅ የምትደረግም አለች፤ መብራት ሲጠፋም ትጠቅማለች። ቀኝ እጃቸው ለሆነ ከግራ በኩል አድርጓት፣ ግራ ለሆነ ከቀኝ። አምፖሏ ራሷ ለዓይን እንዳትታይ ብቻ ቆቧን ዝቅ አድርጉ። ለጂፕሰሙና ለስፖት ላይቱ ያንን ሁሉ ብር አውጥቶ ለዚህች የሚከራከር ሰው ግን፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አይገባኝም።

እማማ ጄሷቸው የሚፈታበት ቀን ከወንድ ልጃቸው ጋር መጡ። የነገርኩትን ሰምቶ አልጋቸው አጠገብ ትንሽ መብራት ሰክቶላቸዋል። "እንዴት ነው፣ ተመቸዎት?" አልኳቸው። "መብራቷስ ጥሩ ናት ልጄ" አሉኝ፤ "ግን ማታ ማታ ነቅለው ስልካቸውን ይሰኩባታል።"

ልጁ አንገቱን ደፋ። ኤክስቴንሽን እንዲገዛ ነግሬዋለሁ።