የማይለቅ ሕመም ባለቤቱ ማነው?

ጆን ቦኒካ የሕክምና ትምህርቱን የተማረው በትግል ባገኘው ገንዘብ ነው። በልጅነቱ ከሲሲሊ አጠገብ ካለች ትንሽ ደሴት ወደ ኒውዮርክ የተሻገረው ይህ ሰው ፊቱን በጭምብል ሸፍኖ በየትርኢቱ ድንኳን ይታገል ነበር፤ ሐኪም ከሆነ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ አልተወውም። በ1944 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ማዲጋን በሚባለው የጦር ሆስፒታል የማደንዘዣ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተመደበ። ከጦር ሜዳ የሚመጡት ቁስለኞች ግራ አጋቡት። ቁስሉ ሽሯል፣ አጥንቱ ገጥሟል፣ ሕመሙ ግን አልሄደም። እግሩ የተቆረጠው ወታደር የሌለው እግሩ ያመዋል። ቦኒካ የነርቭ ሐኪሙንም፣ የአጥንት ሐኪሙንም፣ የአእምሮ ሐኪሙንም ጠየቀ። ሁሉም የየድርሻውን ያውቃል፤ ሰውዬውን በሙሉ የያዘ ግን አልነበረም።

ያገኘው መላ ቀላል ነበር። ያስቸገሩትን ሕሙማን ጉዳይ ይዘው ሐኪሞቹ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲቀመጡ አደረገ። በ1953 ስለ ሕመም ሕክምና ብቻ የሚያወራ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በሲያትል በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ከአንድ የነርቭ ቀዶ ሐኪምና ከአንዲት ነርስ ጋር ሆኖ የሕመም ክሊኒክ አቋቋመ። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም የተወጠነው እሱ በ1973 በጠራው ስብሰባ ነው። ሰውየው ራሱ የትግሉ ዘመን ባተረፈለት የመገጣጠሚያ ሕመም ሲሠቃይ ኖሯልና ጉዳዩን ከሁለቱም ወገን ያውቀው ነበር።

የቦኒካ ጠረጴዛ ለአብዛኛው የአዲስ አበባ ሕመምተኛ የለም። ወገቧን ካመማት ዓመት ያለፋት ሴት የምትጓዘው መንገድ የታወቀ ነው። መጀመሪያ የሰፈር ፋርማሲ ትሄዳለች፤ «ለወገብ የሚሆን» ተብሎ ዲክሎፌናክ ይሰጣታል። ሲመለስባት ክሊኒክ ሄዳ መርፌ ትወጋለች። ቡና ላይ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ደግሞ «ይሄማ ነርቭ ነው» ይሉና የእገሊት እህት ድናበታለች የተባለ ሐኪም ስም ይጠሩላታል። ካርድ ታወጣለች፣ ኤምአርአይ ይታዘዝላታል፣ «ዲስክሽ ተንሸራቷል» ትባላለች። ከዚያ አጥንት ሐኪም፣ ከዚያ ሌላ አጥንት ሐኪም፣ በመሐሉ ወጌሻ፣ በመሐሉ ጠበል። በመጨረሻ እጇ ላይ የሚቀረው አንድ ትልቅ ፌስታል ነው፤ በውስጡ የኤክስሬይና የኤምአርአይ ፊልም፣ የተጨማደደ የላቦራቶሪ ወረቀት፣ ግማሹ ያለቀ የኪኒን እሽግ ታጭቆበታል። ሐኪሞቹ እርስ በርስ ተነጋግረው አያውቁም። የሚያገናኛቸው ፌስታሉ ብቻ ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም ትክክለኛው ሐኪም ስሙ የገነነው ስፔሻሊስት ላይሆን ይችላል። ፌስታሉን ተቀብሎ ከሥሩ የሚያገላብጠውና «ከዛሬ ጀምሮ ጉዳይሽን የምከታተለው እኔ ነኝ» የሚለው ነው ትክክለኛው። ያ ሰው ጠቅላላ ሐኪም ቢሆንም ምንም አይደለም። ስፔሻሊስት ካስፈለገ ይልካታል፤ መልሶም ይቀበላታል። በተግባር ግን ብዙ ሕመምተኛ የሚመርጠው ሐኪም «ትልቅ» መሆኑን፣ ማሽኑ አዲስ መሆኑን፣ ወረፋው መርዘሙን እያየ ነው።

ፊልሙንም ረጋ ብሎ ማየት ይበጃል። በ1994 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ ጥናት ወገባቸውን ጨርሶ የማያማቸውን 98 ሰዎች በኤምአርአይ አነሳ። 52 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ ወደ ውጭ ገፋ ያለ ዲስክ ነበራቸው፤ ዲስኮቻቸው በሙሉ ደህና የሆኑት 36 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ ከ3,000 በላይ ሕመም የሌለባቸውን ሰዎች ያካተቱ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ በሃያ ዓመታቸው የዲስክ መድከም የታየባቸው 37 በመቶ፣ በሰማንያ ዓመታቸው ደግሞ 96 በመቶ ሆነው ተገኙ። የዲስክ መድከም በአብዛኛው እንደ ሽበት ነው ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ በሰፈሩት የራዲዮሎጂ ቃላት ደንግጣ መታጠፍ የተወች፣ ልጇን ማንሳት የፈራች፣ ከሥራ የቀረች ሴት ግን ይህን የነገራት የለም። ፍርሃቱም ጡንቻዋን ያደክማል፤ የደከመ ጡንቻ ደግሞ ሕመሙን ያባብሰዋል።

ፊልም አያስፈልግም ለማለት ግን አይደለም፤ በተለይ በእኛ አገር። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ከሚበዛባቸው አገሮች ተርታ ናት፤ ይኸው በሽታ ደግሞ አከርካሪ ላይም ሊቀመጥ ይችላል። የወገብ ሕመሙ ከማታ ትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ፣ ወይም ካንሰር ታክሞ የነበረ ሰው አዲስ የጀርባ ሕመም ከጀመረው ነገሩ ሌላ ነው። እግር የከዳው፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ያቃተው፣ በሁለቱ ጭኖቹ መሐል የደነዘዘው ሰው በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። እነዚህን ሳይጠይቅ በቀጥታ ኤምአርአይ የሚያዝም፣ እነዚህን ሳይጠይቅ «ማሳጅ ይበቃሻል» የሚልም ሐኪም ጥፋታቸው አንድ ነው። ሁለቱም አልጠየቁም።

ጥሩ ጠያቂ ሐኪም ሌላም ነገር ይጠይቃል። «ከአሥር ስንት ያምሻል?» ብሎ ቁጥር ጽፎ አያልፍም። ሕመሙ ምን እንዳስተዋት ይጠይቃል፤ እንጀራ ትጋግር እንደሆነ፣ ታክሲ ውስጥ ምን ያህል መቀመጥ እንደምትችል፣ ሌሊት ስንቴ እንደምትነቃ። ስትሰግድ ግንባሯ መሬት ይደርስ እንደሆነ መጠየቅ ለአንድ ኢትዮጵያዊ ሕመምተኛ፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ ከየትኛውም ቁጥር የበለጠ ነገር ይናገራል። በሚቀጥለው ቀጠሮም ልዩነቱን ለማወቅ ይረዳል።

ከመጠየቅ ቀጥሎ ማስረዳት አለ። ለምሳሌ አሚትሪፕቲሊን የሚባል አሮጌና ርካሽ መድኃኒት አለ። የተሠራው ለድብርት ነው፤ ነገር ግን በትንሽ መጠን ማታ ማታ ሲወሰድ ከነርቭ የሚነሳን ማቃጠልና መጠዝጠዝ እንደሚያስታግስ ከታወቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሐኪሙ በሁለት ደቂቃ ጽፎ ይሰጣታል። ቤት ስትደርስ ልጇ ስልኩ ላይ ስሙን ይፈልግና «እማዬ፣ ይሄ እኮ የጭንቀት መድኃኒት ነው» ይላታል። የዚያን ዕለት መድኃኒቱ ቁም ሳጥን ይገባል፤ «አላመነኝም፣ አብደሻል ነው ያለኝ» ብላ ሐኪሙንም ትተወዋለች። የጎደለው የአንድ ደቂቃ ማብራሪያ ነበር። ይኸው መድኃኒት ለድብርትም ለነርቭ ሕመምም እንደሚሠራ፣ መጠኑ እንደሚለይ፣ አፍ እንደሚያደርቅና እንደሚያስተኛ፣ ለውጡም በቀናት ሳይሆን በሳምንታት እንደሚታይ ቢነገራት ኖሮ ምናልባት ትታገሰው ነበር።

ከዚህ የሚብሰው «ምንም የለብሽም» የሚለው ቃል ነው። ምርመራው ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ሐኪሙ የምሥራች የነገራት ይመስለዋል፤ እሷ የምትሰማው «ትዋሻለሽ» የሚል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ዝርዝር ከሦስት ወር በላይ የቆየ ወይም እየተመላለሰ የሚመጣ ሕመም የራሱ መለያ አለው። ሌላ በሽታ ሳይገኝለት ራሱን ችሎ በሽታ የሚሆን ሕመምም እዚያ ውስጥ ተመዝግቧል። ምርመራ ያላሳየው ሕመም የለም ማለት እንደማይቻል አሁን ክርክር የለበትም። ይህ አመለካከት ግን የሕመምተኛው ካርድ ላይ ገና ብዙም አልደረሰም።

መድኃኒቶቹን የሚቆጥርም ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ሐኪም ዲክሎፌናክ ያዛል፣ ሌላው አይቡፕሮፌን፤ ስማቸው ይለያይ እንጂ ቤተሰባቸው አንድ ነው፤ አብረው ሲወሰዱ ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ። የደም ግፊት ያለባት እናት ላይ ደግሞ ግፊቱን ይጨምሩባታል። ራስ ምታት ያለበት ሰው በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ተራ የሕመም ማስታገሻ ከዋጠ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል፤ እንደ ትራማዶል ያሉት ጠንካራ ማስታገሻዎች ላይ ሲሆን 10 ቀን ይበቃል። ጥሩ ሐኪም «በቤትሽ ያለውን ኪኒን ሁሉ ይዘሽ ነይ» ይላል፤ አንዳንዴም ሕክምናው የሚጀምረው ከዚያ ውስጥ ሁለቱን በማስቆም ነው። ይህን የሚያደርግ ሐኪም ግን «ምንም አልሰጠኝም» ተብሎ ይታማል!

መርፌ ወግቶ በዕለቱ የሚያቀና ሐኪም ደግሞ ይወደዳል። አሜሪካ ለዚህ የፈጣን ማስታገሻ ፍቅር ውድ ዋጋ ከፍላበታለች። በ1996 ገበያ ላይ የዋለውን ኦክሲኮንቲን የተባለ የኦፒዮይድ (የሞርፊን ቤተሰብ) ማስታገሻ ሱስ አያስይዝም ማለት በሚቀረው አኳኋን ያስተዋወቀው ኩባንያ ፐርዱ፣ በ2007 መድኃኒቱን በአሳሳች መንገድ በማቅረቡ ጥፋተኝነቱን በፍርድ ቤት አመነ። በ2016 የአገሪቱ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል በኦፒዮይዶች ላይ ጥብቅ መመሪያ ሲያወጣ ደግሞ ብዙ ሐኪሞች ከአንድ ጽንፍ ወደ ሌላው ዘለው መድኃኒቱን በድንገት አቋረጡ፤ በ2022 መመሪያው የተሻሻለው በከፊል ለዚህ ነው። እዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ሐኪም ሲመርጡ ይህን ታሪክ ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል። ትራማዶልም የዚያው የኦፒዮይድ ወገን ነው። በሌላ በኩል የካንሰር ሕመምተኛ ሞርፊን ሲያስፈልገው መከልከሉ ጭካኔ ነው። በ2003 የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ የመሰሉት ይህን ለማስረዳት ስንት ዓመት ደክመዋል። ሁለቱን የሚለይ ሐኪም ነው የሚፈለገው።

ፊዚዮቴራፒ በብዙዎች ዘንድ መብራት ማሞቅና መታሸት ተደርጎ ይታያል፤ ስለዚህ ሦስት ቀን ሄደው ያቆሙታል። ፍሬ ነገሩ ግን ሕመምተኛው ራሱ የሚሠራው፣ ቀስ በቀስ የሚጨምር እንቅስቃሴ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎቹን በዲግሪ እያሠለጠነ ያወጣል፤ ሐኪሞቻችን ግን ወደ እነሱ የሚልኩት ሁሉ ነገር ተሞክሮ ካለቀ በኋላ ነው። ጠበልና ወጌሻን በተመለከተ ደግሞ የሚያሾፍ ሐኪም አያዋጣም። ሲያሾፍ ሕመምተኛው መሄዱን አይተውም፤ መናገሩን ነው የሚተወው። ሐኪሙም በነቀርሳ የተበላ አከርካሪ ወጌሻ ሊያሸው መሆኑን፣ የስኳር መድኃኒት በጠበል ምክንያት መቋረጡን ሳያውቅ ይቀራል።

እንዲህ ያለው ሐኪም የት ይገኛል ለሚለው፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2013 የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና ጀምሯል። የእነዚህ ሐኪሞች ሙያ ፌስታሉን መረከብ ነው፤ ሕዝቡ ግን «ስፔሻሊስት» ሲባል አሁንም የሚያስበው የአንድ ብልት ሐኪም ነው፤ የግል ሆስፒታሎችም ማስታወቂያቸው ላይ የሚያስቀድሙት ማሽናቸውን ነው። የቤተሰብ ሐኪም ያላገኘ በጤና ጣቢያውም ሆነ በክሊኒኩ ለሦስት ወር አብሮት የሚቆይ አንድ ጠቅላላ ሐኪም ቢይዝ፣ በየወሩ አዲስ ካርድ ከማውጣት ይሻለዋል። በመጀመሪያው ቀጠሮ «ካልተሻለኝስ ምን እናደርጋለን?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ «ሌላ ቦታ ሞክሪ» ከሚል መልስ ብዙ መረዳት ይቻላል።

ከጤና ሚኒስቴርና ከሆስፒታሎቹ የሚጠበቀው ደግሞ ወረቀት ላይ አስቀድሞ አለ። በሪፈራል መመሪያው መሠረት ሕመምተኛውን የተቀበለው ተቋም ያገኘውንና ያደረገውን ጽፎ ለላኪው መመለስ አለበት። ያቺ የግብረ መልስ ወረቀት ተሞልታ የምትመለስበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ስፔሻሊስቱ ሁለት መስመር ጽፎ ቢልክ፣ ሆስፒታሉም የነርቭ፣ የአጥንትና የአእምሮ ሐኪሞቹን ከፊዚዮቴራፒስቱ ጋር በሳምንት አንዴ ለአንድ ሰዓት ቢያስቀምጥ፣ የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ ነገር የለበትም። ማሽን ለመግዛት በጀት የሚሟገቱ የሆስፒታል ኃላፊዎች ለዚህች ሰዓትም እንዲሁ ይሟገቱ።