የፋብሪካው ምልክትና የደጋው አየር

ካርቡሬተር ያለው አሮጌ የቤንዚን ሞተር ጋራዥ ሲገባ፣ ልምድ ያለው መካኒክ ዲስትሪቢውተሩን የሚያስረው የሞተሩን ድምፅ በጆሮው እየመዘነ ነው። ብዙ ጊዜም ፋብሪካው ካተመው የዲግሪ ምልክት ትንሽ አስቀድሞ ያስረዋል። ከምህንድስና ክፍል የወጣን ሰዎች ይህን ግምት ብለን ለመናቅ እንቸኩላለን። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ፍርዱ ሊከለስ ይገባዋል፤ ምልክቱ ራሱ ለአዲስ አበባ አየር አልተሠራምና።

ሞተር በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር ክራንክ ሻፍቱ በሰከንድ አንድ ሺኛ 18 ዲግሪ ይጓዛል። ቃጠሎው ጊዜ ስለሚወስድ ካንዴላው እሳት መስጠት ያለበት ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ድብልቅ ሲሳሳ እሳቱ ይዘገያል፤ የሚያስፈልገው ቅድሚያም ይጨምራል። ይህን ጭማሪ የሚሰጠው በዲስትሪቢውተሩ ጎን የተገጠመው የቫኩም ዲያፍራም ነው።

ችግሩ ዲያፍራሙ የሚለካው በውጭ አየርና በማኒፎልዱ መካከል ያለውን ልዩነት መሆኑ ነው፤ እሳቱ ግን የሚታዘዘው ለማኒፎልዱ ፍጹም ግፊት ነው። በማኒፎልዱ ውስጥ 60 ኪሎፓስካል ያለበትን ቀላል ጭነት እናስብ። የውጭው ግፊት 101 በሆነበት የባሕር ጠረፍ ዲያፍራሙን የሚስበው ልዩነት 41 ነው። የውጭው ግፊት ወደ 76 በሚወርድበት በአዲስ አበባ ከፍታ ግን 16 ብቻ ይቀራል። የድብልቁ ጥግግት ያው ነው፣ የሚፈልገው ቅድሚያም ያው፤ የሚያገኘው ግን እጅግ ያንሳል። የቤንዚን ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ሲረገጥም ሞተሩ የሚስበው የሳሳ አየር ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዲያፍራሙ ፈጽሞ አይረዳውም። የዘገየው እሳት ሙቀቱን በጭስ ማውጫው በኩል ይጥላል፤ ኪሳራውን የሚከፍለው ባለታክሲው ነው።

ስለዚህ የመካኒኩ ጆሮ አንድ እውነት ይዟል። ቢሆንም ገደብ አለው። በአዲስ አበባ የማይንኳኳ ሞተር 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ድሬዳዋ ሲወርድ የተጨመረለት ቅድሚያ ይበዛበታል፤ ጭነት ይዞ ሲንኳኳ ፒስተኑን ይጎዳል። ጋራዥ ውስጥ ቆሞ የሚሠራ ሞተር ይህን አስቀድሞ አይናገርም። ከዚህ የከፋው የቫኩም ቱቦው ሲቀደድ በቡሎን ደፍኖ መተው ነው። (ቀደምት የላዳ ሞተሮች ከነጭራሹ የቫኩም ዲያፍራም አልነበራቸውም፤ ለእነሱ ይህ ክርክር በግማሹ ይቀራል።) ዲያፍራሙን መፈተሽ ቀላል ነው፦ ቱቦውን በአፍ ስቦ ጫፉን በምላስ መዝጋት ነው። ውስጥ ያለው ሳህን ተንቀሳቅሶ ባለበት ከቆመ ዲያፍራሙ ደኅና ነው።

ቴክኖሎጂው ያረጀ ነው፣ ለመመረቂያ ጥናት አይመጥንም የሚሉ ባልንጀሮች አሉ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ግን በእጃችን ያሉት ረዘም ላለ ዘመን መጠገናቸው አይቀርም። የሚያስፈልገው መሣሪያም ውድ አይደለም፦ አንድ የስትሮብ መብራት፣ አንድ የእጅ ቫኩም ፓምፕና የግፊት መለኪያ። አንድን መኪና ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል እስከ ድሬዳዋ እየነዱ፣ በየከፍታው ሳይንኳኳ የሚሸከመውን ቅድሚያ በዲግሪ መመዝገብ ለአንድ የማስተርስ ተማሪ በቂ ሥራ ነው። ከመካኒኮቹም ጥቂቶቹ በጆሯቸው ያሰሩትን መጀመሪያ በስትሮብ ብንለካው መዝገቡ ከእነሱ እጅ ይጀምራል።