ፈረንሳይኛን በእንግሊዝኛ አታዙሩብን

መምህሮቻችን ሆይ፣ «ቱ» መቼ፣ «ቩ» መቼ ለሚለው ጥያቄ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ይፈጃል እንዴ! እንግሊዝኛ ሁሉንም «ዩ» ብሎ ስለሚጠራ ነው እንጂ «አንተ»ና «እርስዎ» እያልን ላደግን ምኑ ይከብዳል? («ቩ» «እናንተ»ም ይሆናል፤ በቃ።) «እኔ» የሚለው «ዠ» ፊደላችን ውስጥ ቁጭ ብሎ በእንግሊዝኛ ፊደል አነባበቡን የምትጽፉልንስ ለምንድን ነው? «ሞንታኝ» ማለትም ተራራ ላይ ያለችው «ኝ»ም የኛው ናት። የፈረንሳይኛ የጥቅስ ምልክት እንኳ ይቺው የአማርኛ መጽሐፍ ላይ የምናውቃት « » ናት።

«ላ» ምንድን ነው ለሚል ጀማሪ የታክሲ ረዳት ሲጮህ የሚውልላትን ለገሃርን አሳዩት፦ «ላ ጋር»፣ ባቡር ጣቢያው። «ላ» ከሴት ስም ፊት ትቆማለች። እርግጥ እኛ «ፀሐይ ወጣች» ስንል እነሱ ፀሐይን ወንድ አድርገዋታል። ይሄን መሸምደድ ነው፤ ያ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ይዋልልን።