ፋይሉ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ባለቤቱ ነው

“ክላውድ ላይ ካለ ምን ያስጨንቅሃል?” ይህ አባባል ዛሬ ማንም የማይጠራጠረው ምክር ሆኗል። ፎቶ አንሺው ሃርድ ዲስክ በቦርሳው ይዞ ሲዞር፣ የቪዲዮ አቀናባሪው ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሦስት ኤክስተርናል ሲደረድር ያየ ሰው “ጊዜው ያለፈበት ልማድ ነው” ብሎ ያልፈዋል። የክላውድ አገልግሎት የሚሸጡ ኩባንያዎችም ሶፍትዌራቸውን የሚቀይሩት ይህንኑ እምነት ይዘው ነው። እኔ ግን አባባሉ ስህተት ነው፣ ሰውንም ይጎዳል እላለሁ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ፋይላቸውን በኤክስተርናል ዲስክ በሚያስቀምጡ ሰዎች ላይ የደረሰውን ማየት ይበቃል።

ነገሩ ጎልቶ የወጣው በአፕል ማክ ኮምፒውተሮች ላይ ነው። ድሮፕቦክስ እ.ኤ.አ. በ2008 ለሕዝብ ሲቀርብ ሰውን የማረከው በቀላልነቱ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ፎልደር ይኖራል፤ እዚያ የገባ ፋይል ሁሉ ወደ ኩባንያው ሰርቨርና ወደ ሌሎቹ የባለቤቱ ኮምፒውተሮች ይገለበጣል። ፎልደሩ ከሌላው ፎልደር በምንም አይለይም ነበር። የኮምፒውተሩ ማከማቻ የጠበበበት ሰው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ያዛውረዋል፤ ሥራውም እንደነበረው ይቀጥላል።

ይህን ያደረጉት ሰዎች በቂ ምክንያት ነበራቸው። ከ2019 ጀምሮ የድሮፕቦክስ ተራ ከፋይ ደንበኛ የሚያገኘው ቦታ 2 ቴራባይት ነው። ብዙዎቹ ማክ ላፕቶፖች ግን ለዓመታት ሲሸጡ የኖሩት በ256 ጊጋባይት ማከማቻ ነው፤ ይህም ከ2 ቴራባይቱ አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ መሆኑ ነው። ማከማቻው ከቦርዱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ በኋላ ማሳደግ አይቻልም። ሲገዙ ከ256 ወደ 512 ለማሳደግ ደግሞ አፕል በአሜሪካ ገበያ 200 ዶላር ሲያስከፍል ቆይቷል። በዚያው ጊዜ 2 ቴራባይት የሚይዝ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከ100 ዶላር በታች ይገኝ ነበር። ገንዘቡን አስልቶ የሚያወጣ ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው።

በመጋቢት 2022 አፕል የማክ ኮምፒውተሮቹን ማስኬጃ ሥርዓት አዲስ ቅጂ፣ ማክኦኤስ 12.3ን አወጣ። ድሮፕቦክስና የማይክሮሶፍቱ ዋንድራይቭ ይዘታቸው በሰርቨር ላይ ብቻ ያለ ፋይሎችን ስም ኮምፒውተሩ ላይ ለማሳየት ይጠቀሙበት የነበረው በከርነል (በማስኬጃ ሥርዓቱ እምብርት) ደረጃ የሚሠራ መንገድ ከዚያ በኋላ የማይደገፍ ሆነ። በምትኩ ኩባንያዎቹ አፕል ባዘጋጀው ፋይል ፕሮቫይደር በተባለ ሥርዓት እንዲሠሩ ተደረገ። ሥርዓቱ የክላውድ ፎልደር ሁሉ በኮምፒውተሩ የውስጥ ዲስክ ላይ፣ ከተጠቃሚው በተደበቀው የላይብረሪ ፎልደር ሥር እንዲቀመጥ ያዝ ነበር። ድሮፕቦክስ ደንበኞቹን ደረጃ በደረጃ ወደዚህ ሲያሸጋግር ፎልደሩን በኤክስተርናል ዲስክ ላይ የማኖር አማራጭ ለእነርሱ ተዘጋ። ዋንድራይቭም በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ፋይልን ሲፈለግ ብቻ የማውረዱን አሠራር በማክ ላይ ማጥፋት እንዳይቻል አደረገ።

ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ የፎልደር አድራሻ መቀየር ብቻ ይመስላል። ለሚሠራበት ሰው ግን ብዙ ነገር ያናጋል። ላይትሩም የተባለው ሶፍትዌር የፎቶዎቹን መዝገብ፣ ፕሪሚየር የተባለው ደግሞ የቪዲዮውን ፕሮጀክት የሚይዙት እያንዳንዱ ፋይል በየትኛው ዲስክ፣ በየትኛው ፎልደር እንዳለ በመመዝገብ ነው። ፎልደሩ ሲዛወር ያ ሁሉ ምዝገባ ይበጠሳል። ለዓመታት የተደራጀ የሠርግ፣ የዶክመንተሪ ወይም የማስታወቂያ ፕሮጀክት ሲከፈት ፋይሉ አልተገኘም የሚል መልእክት ብቻ ይወጣል። ባለሙያው ለደንበኛው ሊሠራ የሚገባውን ሰዓት እያንዳንዱን ምስል ከቦታው ጋር መልሶ በማገናኘት ያጠፋዋል።

ሌላው ጣጣ የቦታ ነው። 1.5 ቴራባይት ፋይል 256 ጊጋባይት ዲስክ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ አብዛኛው በሰርቨር ላይ ብቻ ይቀርና ኮምፒውተሩ ላይ ስሙ ብቻ ይታያል። ሰውየው ፋይሉ አጠገቡ፣ በገዛ ዲስኩ ላይ ነበረው፤ አሁን ግን ለመክፈት ማውረድ አለበት። በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር 1 ቴራባይት ለማውረድ፣ መስመሩ አንዴም ሳይቋረጥ፣ ከ9 ቀን በላይ ይፈጃል። የአፕል ታይም ማሽንም ባክአፕ ሲያደርግ ይዘታቸው ኮምፒውተሩ ላይ የሌለ ፋይሎችን አውርዶ አይገለብጥም። እንግዲህ ባክአፕ አለኝ ብሎ የተማመነ ሰው አብዛኛው ፋይሉ ባክአፑ ውስጥ እንደሌለ የሚያውቀው ምናልባት ዲስኩ የተበላሸ ቀን ነው።

ኩባንያዎቹ የሚያቀርቡት መከላከያ ደኅንነት ነው። መከላከያው ከንቱ አይደለም። ከርነል የኮምፒውተሩ እምብርት ነው፤ እዚያ የሚሠራ የሌላ ኩባንያ ሶፍትዌር ሲሳሳት መላው ኮምፒውተር ይወድቃል። ሐምሌ 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ባሰራጨው አንድ የተበላሸ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች መውደቃቸውና አውሮፕላኖች ከበረራ መቅረታቸው አደጋውን ለዓለም አሳይቷል። አፕል ከ2019 ጀምሮ ሌሎችን ከከርነሉ ለማስወጣት መሥራቱን እደግፋለሁ።

ነገር ግን ከርነሉን ያስፈለገው ምን ነበር? ይዘቱ በሰርቨር ላይ ብቻ ያለን ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ እንዳለ አስመስሎ ለማሳየት ነው። የፋይሉን ሙሉ ቅጂ በኤክስተርናል ዲስኩ ላይ የያዘ ሰው ይህ አስመስሎ ማሳየት አያስፈልገውም ነበር። ድሮፕቦክስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታቱ ያለዚህ አሠራር በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን አገልግሏል። ጉግል ድራይቭም ሙሉ ቅጂውን ተጠቃሚው በመረጠው ፎልደር የሚያስቀምጥበትን አማራጭ በማክ ላይ ሳይዘጋ ቀጥሏል። እንግዲህ ሁለቱን አሠራሮች ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻል ነበር። በከርነሉ ምክንያት መቅረት የነበረበት አንዱ ብቻ ነው፤ እነ ድሮፕቦክስ ግን ሌላውንም አብረው አስቀሩት። ሁለት አሠራር ከመንከባከብ አንድ መንከባከብ ይቀላልና። ያ ቅለት የኩባንያው ነው፤ ወጪው ግን በደንበኛው ላይ ወደቀ።

የአፕል የራሱ እርምጃም ይህንኑ ይመሰክራል። በ2024 መጸው ማክኦኤስ 15 ሲወጣ ፋይል ፕሮቫይደር በኤክስተርናል ዲስክ ላይም እንዲሠራ በር ከፈተ። ከርነሉ ተመልሶ አልተከፈተም፤ ደኅንነቱም አልተጓደለም። ይቻል የነበረ ነገር ለሁለት ዓመት ተኩል ሳይደረግ ቆየ ማለት ነው። ያም ቢሆን ዲስኩ በአፕል የፎርማት ዓይነት የተዘጋጀና የተመሰጠረ መሆን አለበት። ከማክም ከዊንዶውስም ጋር እንዲሠራ ፎርማት የተደረገ ዲስክ ያለው ሰው ይህን ለማሟላት ዲስኩን አጥፍቶ እንደገና ፎርማት ማድረግ ሊኖርበት ነው። በዚያ መሐል የዲስኩን ይዘት የሚያስቀምጥበት ሌላ ዲስክ መግዛት አለበት። በእነዚያ ሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ላፕቶፕ የቀየረ፣ አገልግሎት የቀየረ፣ ፕሮጀክቱን ያፈረሰ ሰው ግን የሚመለስለት ነገር የለም።

አማራጭ የመንጠቅ ልማዱ የአንድ ኩባንያ ወይም የአንድ ዓይነት ኮምፒውተር አይደለም። ድሮፕቦክስ እ.ኤ.አ. በ2018 በሊኑክስ ተጠቃሚዎች ላይ ተመሳሳይ ውሳኔ አስተላልፎ ነበር፤ ከኅዳር ወር ጀምሮ ኤክስት 4 ከተባለው በስተቀር ሌሎቹን የዲስክ አደረጃጀቶች መደገፍ አቆመ። በሐምሌ 2019 ግን ካቆማቸው መካከል በርካቶቹን መልሶ መደገፍ ጀመረ። በዚህም የተረዳነው ውሳኔው ሊቀለበስ የሚችል እንደነበረ ነው። በ2023 መጨረሻ ደግሞ አንዳንድ የጉግል ድራይቭ ተጠቃሚዎች የወራት ፋይላቸው ከዓይናቸው ጠፋ፤ ጉግልም ችግሩ በኮምፒውተር ላይ በሚጫነው ሶፍትዌሩ አንዳንድ ቅጂዎች ላይ መሆኑን አምኖ መመለሻ መሣሪያ አወጣ። በእንዲህ ያለ ቀን ሰውን የሚያድነው በገዛ እጁ ያለው ሙሉ ቅጂ ነው። ጊዜው ያለፈበት ተብሎ የሚናቀው ዲስክ ማለት ነው።

የእኛ አገር ባለሙያ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። አዲስ አበባ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ ፊልም የሚሠራ፣ መጽሔት የሚያዘጋጅ ሰው ፋይሉን በኤክስተርናል የሚይዘው ወዶ ብቻ አይደለም። መስመሩ ይቆራረጣል፤ መብራት ይጠፋል፤ የኢንተርኔት ዋጋም ቀላል አይደለም። ከሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንስቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆይቷል፤ በትግራይ የነበረው መቋረጥ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የከፋና የረዘመ ነበር። ፋይሉ ሰርቨር ላይ ብቻ ለቀረበት ሰው እነዚያ ወራት ከገዛ ሥራው የተለየባቸው ወራት ናቸው። ኢንተርኔት ሁልጊዜ አለ ብሎ ካሊፎርኒያ ላይ የተነደፈ ሶፍትዌር የእነዚህን ሰዎች ሕይወት ከቁጥር አያስገባም።

ኤክስተርናል ዲስክም እኮ ይበላሻል የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ይወድቃል፣ ይሰረቃል፣ ያረጃል። ሰው ክላውድ የሚገዛውም ለዚያ ነው፤ ሁለቱ አንዱ የሌላውን ጉድለት እንዲሸፍኑ። ዲስኩ ሳይታሰብ ቢነቀል ሶፍትዌሩ ፋይሎቹ የተሰረዙ መስሎት ከሰርቨሩም ሊያጠፋቸው ይችላል የሚለው ስጋትም መሠረት አለው። መፍትሔው ግን የታወቀ ነው፤ ሶፍትዌሩ ፎልደሩን ሲያጣ ምንም ሳይሰርዝ መቆምና ባለቤቱን መጠየቅ። ድሮፕቦክስ ራሱ ፎልደሩ ካልተገኘ ይህንኑ መልእክት አውጥቶ ሥራውን ያቆም ነበር። አደጋን በጥንቃቄ መከላከል እየተቻለ አማራጩን ከነጭራሹ መንጠቅ ጥንቃቄ ሊባል አይችልም።

ከቴክኒኩ በላይ ያለው ጉዳይ የአደራ ጉዳይ ነው። በእኛ ዘንድ አደራ የተቀበለ ሰው ንብረቱን ከቦታው ሲያነሳ አስቀድሞ ባለቤቱን ያማክራል፤ ባለቤቱ እምቢ ካለ ንብረቱን እንዳለ ያስረክባል። የክላውድ ኩባንያ የተቀበለው ከዚህ የሚያንስ አደራ አይደለም፤ የልጆች ፎቶ ነው፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው፣ የሰው እንጀራ ነው። ደንበኛው አገልግሎቱን ሲገዛ ፎልደሩን የት እንደሚያኖር የመምረጥ ነፃነት አብሮ ተሰጥቶታል። ሥራውን የገነባው፣ ዲስክ የገዛው፣ ዓመታዊ ክፍያ የፈጸመው በዚያ ላይ ተማምኖ ነው። ያንን በአፕዴት ማንሳት ዋጋው ከተከፈለ በኋላ ውሉን መቀየር ነው። የውስጥ ማከማቻና የክላውድ ቦታ ራሱ የሚሸጠው አፕል የዲስክን ቦታ በሚወስንበት ገበያ ላይ ደግሞ ይህ ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል፤ ደንበኛው ርካሹን ዲስክ መጠቀም ሲያቅተው ውዱን ለመግዛት ይገደዳልና።

ስለዚህ የሚጠየቀው ነገር ግልጽ ነው። ለአገልግሎቱ የሚከፍል ማንኛውም ሰው ሙሉ ቅጂውን፣ ራሱ በመረጠው ዲስክ ላይ፣ በተራ ፎልደር መልክ የመያዝ አማራጭ ሊኖረው ይገባል። ማንኛውም አፕዴት የሰውን ፋይል ያለ ግልጽ ፈቃዱ ከዲስክ ወደ ዲስክ ማዛወር ወይም የነበረውን ቅጂ ወደ ስም ብቻ መቀየር የለበትም። ለውጡ የግድ ከሆነ ደንበኛው ከወራት በፊት ይነገረው፤ ፋይሉን እስኪያወጣም በቀድሞው አሠራር ይቆይ፤ መቀጠል ካልፈለገ የቀሪው ጊዜ ክፍያው ይመለስለት። የሸማቾችን መብት የሚያስከብሩ መሥሪያ ቤቶች የሶፍትዌርን አገልግሎት እንደ ማንኛውም የተሸጠ ዕቃ ሊመለከቱት ይገባል፤ ከሽያጭ በኋላ ገዢውን ሳያስፈቅዱ ጠቃሚ ክፍሉን መንቀል በዕቃ ላይ ካልተፈቀደ በሶፍትዌርም ላይ አይፈቀድ።

እስከዚያው ድረስ ባለሙያው ራሱን መጠበቅ አለበት። ፎቶ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስፋፋው ሦስት ሁለት አንድ የተባለው ደንብ ዛሬም ይሠራል፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ሲንክ (ፋይልን በኮምፒውተሮች መካከል ማመሳሰል) ግን ብቻውን ባክአፕ አይደለም፤ በአንዱ ኮምፒውተር የተሰረዘ ፋይል በሌሎቹም ይሰረዛል፤ መልሶ ለማግኘት ያለው ጊዜም በብዙ አገልግሎቶች 30 ቀን ያህል ነው። ስለዚህ ከክላውዱ ሶፍትዌር ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው፣ ማንም ኩባንያ በአፕዴት የማይደርስበት አንድ ዲስክ ይኑር። የክላውዱ ቅጂ ከቤት ውጭ ያለው ሦስተኛው ይሁን።

ክላውድን አልቃወምም፤ ቤቱ ለተቃጠለ፣ ላፕቶፑ ለተሰረቀ ሰው መዳኛው እርሱ ነው። የምቃወመው የሰዎችን ፋይል ተቀብሎ የት እንደሚቀመጥ የመወሰን ሥልጣንንም አብሮ የሚወስደውን አሠራር ነው። ኤክስተርናል ዲስክ የያዘ ሰው ከዘመን ወደኋላ የቀረ ሰው አይደለም። ንብረቱን በአንድ ኩባንያ መልካም ፈቃድ ላይ ብቻ ላለመጣል የወሰነ ጥንቁቅ ሰው ነው፤ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎችም ይህን ውሳኔውን ሊያከብሩለት ይገባል።