ሰቀቀን ሁሉ አንድ ነው ያለው ማን ነው?

ቡሄ በመጣ ቁጥር በደብረ ታቦር ጅራፍ ሲጮኽ ኖሯል። የከተማችን ስም ከበዓሉ ስም ጋር አንድ ነውና የጅራፉ ድምፅ ደስ ይለን ነበር። ዛሬ ግን በሰፈሬ ሁለት ጎረቤቶች አሉኝ። አንደኛው ጅራፍ ሲጮኽ ግድግዳ ሥር ይወሸቃል፤ ላብ ያጠምቀዋል። ሁለተኛዋ ከጋይንት ተፈናቅላ የመጣች ናት፤ ፈጽሞ አትደነግጥም። ቡና ስትቆላ ዓይኗ አንድ ቦታ ተተክሎ ይቀራል፤ ቡናው ያራል፤ ብትጠራም አትሰማ። እርሱን «ነርቩ ተነክቷል» ብለን እናዝንለታለን። እርሷን «እንዴት ያለች ጠንካራ ሴት ናት!» እያልን እናደንቃታለን።

እኔ ግን እላለሁ፦ በዚህ አድናቆታችን እየጎዳናት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ የሚጀምረው ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነው። በዚያ ወር ጦርነቱ ደቡብ ጎንደር ገባ፤ ከባድ መሣሪያ ደብረ ታቦር ላይ ወደቀ። ነፋስ መውጫ በሕወሓት ተዋጊዎች እጅ በቆየችባቸው ቀናት የሆነውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ይፋ አድርጎታል፤ ካነጋገራቸው 16 ሴቶች 14ቱ በቡድን መደፈራቸውን ተናግረዋል። ያ ቁስል ሳይጠግግ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የመንግሥት ጦርና ፋኖ እዚያው ደብረ ታቦር ላይ ተታኮሱ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን ተደረገ? አንድ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። መድፍ የሸሸው፣ ልጁን የቀበረው፣ የተደፈረችው፣ ሁሉም «የሥነ ልቦና ጉዳት የደረሰባቸው» በሚል አንድ ዓምድ ተመዘገቡ። ምክሩም አንድ ነበር፦ «አይዟችሁ፣ ጊዜ ይሽረዋል፤ እርሱት»። ለመሆኑ ለተሰበረ እግርና ለወባ አንድ ዓይነት ክኒን የሚያድል ሐኪም አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የምትባል፣ የለውዝ ፍሬ የምታህል ክፍል አለች። የአደጋ ደወላችን ናት። ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ደግሞ የእርሷን ልጓም ይይዛል። በብዙዎቹ ሕሙማን ዘንድ ያለፈው ሲታወስ ደወሉ ይጮኻል፤ ልጓሙ ይላላል። ግድግዳ ሥር የሚወሸቀው ጎረቤቴ ይህን ይመስላል። በሌሎቹ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ልጓሙ ከልክ በላይ ይጠብቃል፤ ስሜት ሁሉ ይታፈናል፤ ሕመምተኛው ከገዛ ገላው የወጣ ይመስለዋል። የአደጋው ዓይነት ብቻውን ሁሉን ባይወስንም፣ ይህ ሁለተኛው በተደጋጋሚ፣ በተለይም ከልጅነት ጀምሮ፣ በሰው እጅ በተጠቁት ላይ ይበዛል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያው ራሱን የቻለ ዓይነት አድርጎ መዝግቦታል። በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ሰፊ ጥናት ደግሞ ከክፉ አጋጣሚዎች ሁሉ ይህን ሕመም አብዝቶ የሚያስከትለው መደፈር መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ ዝም ያለችው ሁሉ ድናለች ማለት አይደለም።

«ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚሉኝ አሉ። እንዲያውም! «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ያሉት አባቶቻችን አንጎል የሚያነሣ መሣሪያ አይተው ነበርን? አማርኛችንስ ድንጋጤን ከሰቀቀን፣ ኀዘንን ከውርደት ለይቶ የሚጠራው በከንቱ ነውን? ቋንቋችን የለየውን መዝገባችን ደባለቀው።

ጸበሉን ተዉ አላልኩም፤ ጸበሉም ሕክምናውም አብረው ይሂዱ። የምለው ሌላ ነው። መዝጋቢው ማን ምን እንደ ደረሰበት ለይቶ ይጻፍ። የተደፈረችዋን ሴት ባለሙያ፣ በዝግ ክፍል፣ በራሷ ፈቃድና ጊዜ ታነጋግራት፤ በአደባባይ አትጠየቅ። ዝምተኛውም እንደ ጯሂው ይታከም። «እርሱት» የሚለው ምክር ግን ይቅር፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና።

እኔም ከዚያች ጎረቤቴ ደጃፍ ባለፍኩ ቁጥር «በርቺ፣ ጠንካራ ነሽ» እላት ነበር። ትቼዋለሁ። አሁን ቡናው ሲያር ከሸተተኝ እገባለሁ፤ ምጣዱን ከእሳቱ አወርድና ቀስ ብዬ በስሟ እጠራታለሁ። የደረሰባትን አልጠየቅኋትም። ልትነግረኝ በወደደች ቀን ግን «እርሺው» አልላትም።