ላኪ ለተላኪው ነፍስ ዋስ ነው

ሰው ሰውን ወደ አስጨናቂ ስፍራ በላከ ጊዜ የሥራው ክብር የላኪውም የተላኪውም ይኾናል፤ አደጋው ግን የተላኪው ብቻ ኾኖ ይቀራል። ስለዚህ ላኪ የኾነ ኹሉ ከሥራው ፍሬ አስቀድሞ የተላኪውን ነፍስ ማሰብ ግዴታው ነው። ይህም ነገር ከኹሉ ይልቅ ተገልጦ የሚታየው ወደ ጨረቃ ለሚላኩ ሰዎች በሚሠራው ልብስ ነው።

ጨረቃ የሚተነፈስ አየር የላትም። ፀሐይ ያረፈበት ምድሯ ከ100 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ በሌሊት ደግሞ ከዜሮ በታች ከ100 ዲግሪ አልፎ ይቀዘቅዛል። እንግዲህ የጠፈርተኛ ልብስ ዕርቃን መሸፈኛ ብቻ አይደለም። የሚተነፍሰውን ኦክሲጅን ይሰጠዋል፥ ከአፉ የሚወጣውን የተበላሸ አየር ያጣራል፥ ሰውነቱ እንዳይግል በቀጫጭን ቱቦ ውሃ ያዘዋውራል፥ ያለ እርሱ ሰው ሊኖር የማይችለውንም የአየር ግፊት ይጠብቃል።

በነቀምቴ ከተማ በቡርቃ ጃቶ በስፌት መኪናው የሚተዳደር ሰው፥ ይህ ለእኔ ምኔ ነው ይል ይኾናል። ነገር ግን በሐምሌ ወር 1961 ዓ.ም. ኒል አርምስትሮንግና በዝ ኦልድሪን ጨረቃን የረገጡበትን ልብስ የሰፉት እንደ እርሱ በስፌት መኪና የሚተዳደሩ ሴቶች ናቸው። የሠሩበትም ድርጅት አስቀድሞ የሴቶችን የውስጥ ልብስ በመሥራት የታወቀ ነበር። ስፌታቸው ከልኩ አንድ ሚሊሜትር እንኳ እንዳያልፍ ይጠነቀቁ ነበር፤ በጨርቁም መካከል የተረሳች ስፒል እንዳትገኝ ልብሱ በራጅ ይመረመር ነበር። የሰው ነፍስ በአንዲት ስፌት ላይ ከተንጠለጠለች፥ ሰፊውም እንደ ሊቁ ተጠያቂ ነው።

ይኹን እንጂ ጥንቃቄን ያስተማረው ሐዘንም ጭምር ነው። ጥር 19 ቀን 1959 ዓ.ም. ቨርጂል ግሪሶም፥ ኤድዋርድ ኋይትና ሮጀር ቻፊ የተባሉ ሦስት ጠፈርተኞች ከምድር ሳይነሡ፥ በልምምድ ላይ ሳሉ በመንኰራኵራቸው ውስጥ እሳት ተነሥቶ ሞቱ። በውስጡ የተሞላው ንጹሕ ኦክሲጅን እሳቱን አባባሰው፤ በሩም ወደ ውስጥ የሚከፈት ስለ ነበረ ፈጥኖ ሊከፈት አልቻለም። አሜሪካኖች ከሶቪየት ኅብረት ጋር ይሽቀዳደሙ የነበረበት ጊዜ ነበር። ነገር ግን ከ20 ወር በላይ ሰው ሳይልኩ ቈይተው፥ በሩ ወደ ውጭ ፈጥኖ እንዲከፈት አደረጉ፤ የልብሱንም የላይኛውን ክፍል እሳት በማይበላው ጨርቅ ለወጡት። ይህንም ካደረጉ በኋላ ጨረቃ ደረሱ እንጂ መዘግየታቸው አላስቀራቸውም።

ትንሽ ምልክትን መናቅ ደግሞ ምን እንደሚያመጣ በሐምሌ ወር 2005 ዓ.ም. ታይቷል። ሉካ ፓርሚታኖ የተባለው የኢጣልያ ተወላጅ ከጠፈር ጣቢያው ውጭ ሲሠራ፥ በራስ ቍሩ ውስጥ ውሃ እየሞላ ዐይኑንና አፍንጫውን ከደነው፤ በጭንቅም ወደ ውስጥ ተመልሶ ዳነ። ከአንድ ሳምንት በፊት በዚያው ልብስ ውስጥ ውሃ ታይቶ ነበር፤ ነገር ግን ከመጠጫው ከረጢት የፈሰሰ ነው ተብሎ ሳይመረመር ታለፈ።

በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ደግሞ የናሳ ዋና ተቈጣጣሪ ቢሮ፥ ለአዲሱ የጨረቃ ጕዞ የሚያስፈልገው ልብስ በታሰበው ጊዜ እንደማይደርስ፥ ስለዚህም በፈረንጆች 2024 ጨረቃ ላይ ለማረፍ የተያዘው ዕቅድ እንደማይፈጸም ለሕዝብ ገልጦ ጻፈ። የሹም ታማኝነት ይህ ነው፤ አለቃ የሚወደውን ቀን ሳይኾን እውነተኛውን ቀን መናገር።

ይህ ኹሉ ለወለጋ ሩቅ ነገር አይደለም። በወለጋ ምድር ወርቅ ይገኛል፤ በባህላዊ መንገድ የሚያወጣውም ጐልማሳ አየር ወደሚያንስበትና መውጫው ወደ ጠበበ ጕድጓድ ይወርዳል። የውሃ ጕድጓድ ቈፋሪውም እንዲሁ ነው። ለእነዚህ ሰዎች የሚያስፈልገው እንደ ጠፈርተኛው ልብስ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ አፈሩን የሚደግፍ እንጨት፥ የጠነከረ ገመድ፥ የራስ ቍር፥ ከላይ ቆሞ የሚጠብቅ ባልንጀራ፥ ዝናም የራሰው አፈር እስኪረጋ ድረስ መታገሥ ይበቃል።

ቀኑ ከደረሰ ማን ያድነዋል የሚሉ አሉ። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ቍጥር 8 ግን ቤት የሚሠራ ሰው፥ ወድቆ የሚሞት እንዳይኖር በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዝዛል፤ መከታ ሳያበጅ ቢቀርም ደሙን በቤቱ ላይ ያደርጋል። እንግዲህ ጥንቃቄ የእምነት ጕድለት ሳይኾን የሕግ ትእዛዝ ነው።

ስለዚህ የሥራ ፈቃድ የሚሰጥ ሹም ጕድጓዱን ሳያስመረምር ማኅተሙን ሊያሳርፍ አይገባውም። አሠሪም ከሠራተኞቹ የመጨረሻው ታናሽ፥ አፈሩ ተሰንጥቋል፥ ሥራው ይቁም ባለ ጊዜ ሊሰማው ይገባል። ካህናትም በዐውደ ምሕረት፥ የሰውን ነፍስ በቸልታ ያጠፋ ሰው በደሙ እንደሚጠየቅ ለላኪዎች ያስተምሩ። ወርቁ ከምድር ውስጥ አይጠፋም፤ ዛሬ ባይወጣ ነገ ይወጣል። የወረደው ሰው ግን ካልወጣ የሚተካው የለም።